ያልተካሄደው ግጥሚያ አሸናፊ

ልብስ ሰፊው መብራህቱ እምሩን በሁለተኛው ዙር በዝረራ አሸንፎታል። ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ሱሪ አሳጥሮ የማያውቅ ሰው ነው። በግራው እንዴት እንዳታለለው፣ በቀኙ እንዴት አገጩን እንዳገኘው፣ እምሩም እንዴት ገመዱ እንደተፈታ ድንኳን ቀስ ብሎ እንደወረደ፣ መብራህቱ መቀሱን እያንቀጫቀጨ ሲተርክ የሰማ ሁሉ አፉን ይከፍታል። አንድ ነገር ብቻ ይጎድላል። መብራህቱና እምሩ ተጋጥመው አያውቁም።

ለመብራህቱ ግን ይህ ጥቃቅን ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ፣ መብራህቱ ገና ወገቡ ቀጭን ሳለ፣ የሰፈሩን ቀበሌዎች ለሚያስተዳድረው ከፍተኛ ቡድን በቀላል ክብደት ቡጢ ይጋጠም ነበር። እምሩ ደግሞ የአራት ኪሎ ልጅ፣ የሌላው ከፍተኛ ቡጢኛ ነው። ሁለቱ እንዲገናኙ ቀን ተቆርጦ፣ ማስታወቂያ ተለጥፎ፣ የእሪ በከንቱ ጎረምሳ በሙሉ ሸሚዙን ተኩሶ ሲጠባበቅ አዳራሹ ለስብሰባ ተፈለገና ግጥሚያው ቀረ። ስብሰባው እስካሁን አላለቀም መሰለኝ፣ ግጥሚያው ተመልሶ አልመጣም። በመካከላቸው ግን ሦስተኛ ቡጢኛ ነበር፤ ዘይኑዲን የሚባል፣ ከወሎ የመጡ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ። ዘይኑዲን እምሩን በአራተኛው ዙር ዘረረው። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ መብራህቱ ዘይኑዲንን ዘረረው። እንግዲህ ሂሳቡን እናንተው ሥሩት። ዘይኑዲን ከእምሩ ይበልጣል፤ መብራህቱ ከዘይኑዲን ይበልጣል፤ ስለዚህ መብራህቱ ከእምሩ በእጥፍ ይበልጣል። ዘይኑዲን በአራት ዙር የጣለውን ሰው መብራህቱ በሁለት ዙር ይጥለዋል። ይህን ስሌት አርባ ዓመት ሙሉ ለብሶት ሲዞር አንዲት ክር አልተተረተረችበትም።

ስሌቱ እምሩ ላይም አልቆመም። እምሩ አንድ ጊዜ ከአንድ ኬንያዊ ጋር እኩል ወጥቷል። ኬንያዊው በአገሩ አንድ እንግሊዛዊ መርከበኛ ደብድቧል። መርከበኛው ደግሞ ከአንድ የዓለም ሻምፒዮን ጋር ልምምድ ሠርቶ በእግሩ ሄዶ ወጥቷል ይባላል። የቀረውን ማስላት ቀላል ነው። የመብራህቱ ሚስት እፀገነት ባሏን ስትጠራው «የዓለም ሻምፒዮን፣ ጋዝ አልቋል» የምትለው ለዚሁ ነው።

የሚሞግተው ሰው አልጠፋም። ፊት ለፊቱ ባለችው ጠባብ መስኮት ሰዓት የሚጠግነው በርሄ አንድ ቀን ማጉያውን ከዓይኑ አነሳና፣

«ስማ መብሬ፣» አለው፤ «ትናንት ዳማ እኔ አንተን በላሁህ?»

«በላኸኝ።»

«አንተ ፀጉር አስተካካዩን በላኸው?»

«በላሁት።»

«እኔን ማን በላኝ?»

«ፀጉር አስተካካዩ።»

«ታዲያ ከሦስታችን ማን ይበልጣል? አቦ አትፎግረን!»

መብራህቱ መርፌውን ጨርቁ ላይ ተክሎ ትንሽ አሰበ። «ዳማ ጨዋታ ነው፤» አለ በመጨረሻ፤ «ቡጢ ግን እውነት ነው።» ከዚያ ወደ ስፌት መኪናው ጎንበስ ብሎ እግሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ። በርሄም ማጉያውን መልሶ ዓይኑ ላይ ሰካ።

ስሌቱ በመብራህቱ ላይ አንድ ግዴታ ጥሎበት ነበር፤ ዘይኑዲንን ማመስገን። ዘይኑዲን ደካማ ከሆነ መብራህቱ ማንን ጣለ ሊባል ነው? ስለዚህ ከዚያ ዘመን ጀምሮ ስለ ዘይኑዲን ክፉ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። «ብረት ነበር!» ይላል። «ግራ እጁ ለብቻዋ አንድ ሰው ነበረች!» ዘይኑዲን በድልድዩ ሲያልፍ መብራህቱ ከስፌት መኪናው ተነስቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ያስተዋውቀዋል። የገዛ ወንድሙን እንኳ እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድያ ልጁ ኤደን ሁለት ማኪያቶ ይዛ ሱቁ መጣች። ኤደን ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ቅዳሜ ሥራዋን ጨርሳ ወደ ቤት እንጂ ወደ አባቷ ሱቅ መሄድ ልማዷ አይደለም። መብራህቱ ጠረጠረ።

«አባዬ፣ ሽማግሌ ሊላክ ነው፤» አለች።

መብራህቱ ደስታው ጣራ ነካ። አንቺ የመረጥሽው የእኔም ምርጫ ነው እያለ ያሳደጋት ልጅ ናት። «ማነው ልጁ?»

«ናሆም ይባላል። መሐንዲስ ነው።»

«ጎሽ! የማን ልጅ ነው?»

ኤደን ማኪያቶዋን ማማሰል ጀመረች። ስኳር ያልገባበትን ማኪያቶ ታማስላለች፣ ታማስላለች።

«የእምሩ።»

«የቱ እምሩ?»

«አንተ ስንት እምሩ ታውቃለህ፣ አባዬ?»

ከፊት ለፊቱ መስኮት በርሄ ሥራውን አቁሞ አንገቱን አሰገገ። መብራህቱ ማኪያቶውን የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። «በዝረራ የጣልኩት እምሩ?»

«አልጣልከውም።»

በሕይወቷ እንዲህ ብላው አታውቅም። ልጅ ሆና ታሪኩን ተረት አድርጎ ነበር የሚያስተኛት፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ትተኛለች። አሁን ዓይን ዓይኑን እያየች «አልጣልከውም» አለችው።

«አንቺም?» አለ።

«እሺ ይቅር፣ ጣልከው። ግን ጋሽ እምሩም ናሆምን ያሳደጉት መብራህቱን በዝረራ አሸንፌዋለሁ እያሉ ነው።»

«በየትኛው ስሌት?!»

«አስገዶም የሚባል ሰው አለ አሉ። እሱ አንተን አሸነፈ፤ ጋሽ እምሩ ደግሞ አስገዶምን አሸነፉ።»

«አስገዶምን የገጠምኩት ጉንፋን ይዞኝ ነው!» መብራህቱ ከመቀመጫው ተነሳ። «አፍንጫዬ ተደፍኖ፣ በአፌ እየተነፈስኩ! ያ አይቆጠርም!»

ኤደን አባቷ እስኪረጋጋ ጠበቀችው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የመጣችበትን ነገረችው። ናሆምን ትወደዋለች። የሚቀጥለው እሁድ ሽማግሎቹ ቤት ይመጣሉ። እምሩ ኩሩ ሰው ነው፤ የላካቸው ሽማግሌዎች አፍረው ከተመለሱ ሁለተኛ አይልክም፤ ልጁም አባቱን አልፎ የሚያገባ ዓይነት አይደለም። «አንድ ዕድል ነው ያለኝ፤» አለች፤ «እባክህ አባዬ።»

መብራህቱ ልጁን ይወዳታል። ከምንም በላይ ይወዳታል። ግን አርባ ዓመት ስንት ነገር ነው? «ይምጡ፤» አለ፤ «በክብር እቀበላለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ በሽማግሎቹ አፍ እምሩ ከመብራህቱ ያንሳል ይባል። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በሁለት እጄ መርቄ እሰጣለሁ።»

ኤደን ማኪያቶዋን ሳትጠጣ ሄደች።

እሁድ ጠዋት እሪ በከንቱ ያለው የመብራህቱ ቤት ከጣራ እስከ ወለል ተወልውሎ፣ ድፎ ዳቦው ተጋግሮ፣ ብርጭቆው ተደርድሮ ነበር። እፀገነት የባሏን ክራቫት ስታስተካክል ቋጠሮውን ከሚገባው በላይ አጠበቀችው። «ዛሬ ቡጢ የምትል ቃል ከዚህ ጉሮሮ ብትወጣ፣» አለች፤ «የኔን ዝረራ ታያለህ።»

ኤደን ማዕድ ቤት ናት። ልማዱም ያው ነው፤ ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቷ ከጓዳ አትወጣም፤ በመጋረጃ ቀዳዳ ታዳምጣለች።

ሦስት ሽማግሎች ገቡ። ከፊት ረጅም መስቀላቸውን የያዙት መምሬ የማነ፣ የእምሩ ቤተሰብ የንስሐ አባት፤ ከኋላቸው የአራት ኪሎው እድር ሊቀመንበር። ሦስተኛው ነጭ ቆብ የደፉ፣ ጢማቸው የነጣ፣ ትከሻቸው ግን ዛሬም ሰፊ የሆነ ሰው ነበሩ። መብራህቱ ሲያያቸው እንኳን ደህና መጣችሁ የሚለው ቃል አፉ ላይ ቀረ። ሐጂ ዘይኑዲን ናቸው። እምሩ ከከተማው ሽማግሌ ሁሉ መርጦ የላከው እሱን ራሱን የጣለውን ሰው ነው! እምሩን የጣለውን፣ በመብራህቱ የተጣለውን!

«ተቀመጡ፣ ተቀመጡ!» አለ መብራህቱ።

«አንቀመጥም፤» አሉ መምሬ የማነ። «ጉዳይ ይዘን መጥተናል። ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም።»

ይህም ልማዱ ነው። ሽማግሌ ተቀመጠ ማለት ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው፤ እስከዚያ ድረስ ቢገድለውም ይቆማል። መምሬ የማነ የናሆምን ምግባር፣ ትምህርት፣ ትህትና ከነምስጋናው ዘረዘሩ። «የአቶ እምሩ ልጅ ነው፤» ብለው ሲጨርሱ፣ «ልጅ ልንሰጥዎ፣ ልጅ ሊሰጡን መጥተናል፤» አሉ።

እፀገነት ባሏን አየችው። መብራህቱ ክራቫቱን አላላ።

«ልጁ ጥሩ ልጅ ይመስለኛል፤» አለ። «እኔ የምጠይቀው ስለ አባትየው አንድ ነገር ነው። ሐጂ፣ እርስዎ ለዚህ ምስክር ነዎት።»

እፀገነት ዓይኗን ጨፈነች።

«እርስዎ እምሩን ጣሉት?»

«ጣልኩት፤» አሉ ሐጂ ዘይኑዲን።

«እኔ እርስዎን ጣልኩ?»

«ጣልከኝ።»

«ታዲያ ከእምሩና ከእኔ ማን ይበልጣል? ይህንን ይበሉልኝና ልጄን ውሰዱ።»

ሐጂ ዘይኑዲን ቆባቸውን አስተካከሉ። መምሬ የማነ ሐጂን አዩ፤ የእድሩ ሊቀመንበር ጣራውን አዩ። ሽማግሎቹ እንደቆሙ ናቸው፤ እንግዳ ቆሞ ባለቤት አይቀመጥምና መብራህቱም ቆሟል። የመምሬ የማነ ጉልበት ሪህ አለበት። የሊቀመንበሩ ወገብ የእድሩን ድንኳን በመሸከም ተጎድቷል። የመብራህቱ ቀኝ ጉልበት ደግሞ አርባ ዓመት የስፌት መኪና የረገጠ ነው፤ ቀስ በቀስ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አራት ሽማግሌ አንድ ሳሎን ውስጥ ማን ቀድሞ እንደሚወርድ እየተያዩ ቆሙ። እፀገነት ደወል ቢኖራት ትመታላቸው ነበር።

«በሉ እንጂ፣ ሐጂ፤» አሉ መምሬ የማነ አንድ እግራቸውን እያሳረፉ። «አንድ ቃል ብለው ያስቀምጡን።»

«ውሸት ነው የሚሆነው፣ መምሬ።»

መብራህቱ የሰማውን አላመነም። አንቱታው ሁሉ ከአፉ በነነ። «ምን አልክ አንተ? አልጣልኩህም?»

«ጥለኸኛል። ግን ረመዳን ነበረ፤» አሉ ሐጂ ዘይኑዲን። «የረመዳን ማለቂያው ላይ። በጠራራ ፀሐይ። የከፍተኛው የስፖርት ኃላፊ ፕሮግራም ሲያወጣ ጾም አለ የለም ብሎ አልጠየቀም። ከሌሊት ጀምሮ ውሃ በአፌ አልዞረም። ወላሂ፣ መብራህቱ፣ ያን ቀን ሦስት ሆነህ ነው የታየኸኝ። መካከለኛውን ልምታ ብዬ ስዘጋጅ ዳር ያለው መታኝ።»

የእድሩ ሊቀመንበር ሳል መሰል ነገር አመለጣቸው።

«ይሁን!» አለ መብራህቱ፤ ድምጹ ግን ቀጥኗል። «ጾምም ሆነ ፍስክ፣ አንተ እምሩን ጥለሃል!»

«የፋሲካ ማግስት ነው የጣልኩት።»

«እና?»

«እናማ እምሩ ሁለት ወር ሽሮ ሲበላ ከርሞ ሌሊቱን ዶሮ ወጥ በላ። ጠዋት ቁርጥ በላ። እናቱ ነፍሳቸውን ይማር፣ ቡጢ ያለ ስጋ አይሆንም ብለው ከቤት ሊወጣ ሲል የበግ ጥብስ ጨመሩለት። በላዩ ላይ ጠላ። መድረኩ ላይ ሲወጣ ሽታው ቀድሞት ነው የደረሰኝ። ሦስት ዙር ሙሉ እያቃሰተ ቆመ፤ መቆሙን አደንቃለሁ። አራተኛው ላይ ሆዱን በግራዬ ነካ አደረግኩት። መታሁት አላልኩም፤ ነካ ነው ያደረግኩት። ወለሉ ላይ ተጋደመና ሆዱን ያዘ። ዳኛው እስከ አስር ቆጠረ፤ እስከ መቶም ቢቆጥር አይነሳም ነበር። እኔ አይደለሁም የጣልኩት፣ መብራህቱ። በጉ ነው።»

መምሬ የማነ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከመጋረጃው ጀርባም የታፈነ ድምፅ ተሰማ።

መብራህቱ ብቻ አልሳቀም። ከፋው። እምሩን የጣለው በግ፣ ዘይኑዲንን የጣለው ጥማት፤ ታዲያ መብራህቱ የት ነበር? ስንት ሱሪ፣ ስንት ኮት፣ ስንት ደንበኛ ፊት! አርባ ዓመት ሙሉ በሁለተኛው ዙር የወደቀው እምሩ አሁን ዓይኑ እያየ አቧራውን አራግፎ ተነሳበት።

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?» አለ።

«ጾሜን የጾምኩት ለአላህ ነው። ለሽንፈት ማመካኛ ላድርገው?» ሐጂ ዘይኑዲን ጢማቸውን ዳበሱ፤ ፊታቸው ላይ ሽማግሌ የማያምርበት ዓይነት እፍረት መጣ። «ደግሞም... በዚህ ከተማ ዘይኑዲን ብረት ነበር የሚል ሰው ካንተ በቀር የለም። ልጆቼ አያምኑኝም፤ የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። በድልድዩ የማልፈው መንገዴ ሆኖ እንዳይመስልህ። እነሱን ይዤ የምመጣው አንተን ላሰማቸው ነው። ካወራሁት አንተም ትተወኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

ይህ የባሰ ነው። መብራህቱ ሊቆጣ ፈለገ፤ ሊያቅፋቸውም ፈለገ፤ ሁለቱንም አልቻለም። ሰው ሲጨንቀው የሚመጣለት አንድ ቃል ነበር፤ «ሌላ ቀን ተመለሱ።» ያን ቃል ካላቸው እምሩ ሁለተኛ አይልክም፤ ይህን ያውቃል። ቢሆንም አፉን ከፈተ።

«እንግዲህ አባቶች፣ ለዛሬው...»

መጋረጃው ተገለጠ። ኤደን ወጣች። እፀገነት «ኧረ ባክሽ!» ብላ ልትይዛት ሞከረች፤ አልደረሰችባትም። ልጅቷ ሻሽ እንኳ ሳትደርብ፣ በሊጥ እጇ፣ ሳሎኑ መካከል ቆመች። እሪ በከንቱ ከተቆረቆረ ወዲህ ሽማግሌ ፊት እንዲህ የወጣች ልጅ ስለመኖሯ እንጃ።

«አባዬ፣ አስገዶም ለምንድነው ያሸነፈህ?»

«ጉንፋን ይዞኝ ነዋ...» አለና መብራህቱ ቃሉ ራሱ ጆሮው ውስጥ ገባ። አንገቱን ደፋ።

«እሺ፤ ጉንፋኑንም ረመዳኑንም በጉንም እንተወው፤ ባንተው ስሌት እንሂድ፤» አለች ኤደን። «አንተ ሐጂን አሸነፍክ። ሐጂ ጋሽ እምሩን አሸነፉ። በዚህ ቤት አንተን የምታሸንፍህ ማናት?»

መብራህቱ ሚስቱን ገልመጥ አደረገ። ሽማግሎች ፊት የሚባል ነገር አይደለም። ግን ውሸት አይችልበትም። «እናትሽ፤» አለ።

«እናቴን የሚያሸንፋት ማነው?»

እፀገነት ራሷ መለሰች፤ «አንቺ ነሻ፣ ማን ሊሆን!»

«እንግዲያው እኔ እናቴን፣ እናቴ አንተን፣ አንተ ሐጂን፣ ሐጂ ጋሽ እምሩን። ጋሽ እምሩ ኬንያዊውን፣ ኬንያዊው መርከበኛውን...» እዚህ ላይ የሊጥ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «የዓለም ሻምፒዮኗ እኔ ነኝ፣ አባዬ። አርባ ዓመት ትክክል ነው ስትል የኖርከው ስሌት ነው። ሻምፒዮኗ ደግሞ ተቀመጡ ትላለች። እባካችሁ ተቀመጡ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ሽማግሎቹ በልጅቷ ቃል አይቀመጡም፤ የአባትየው መሆን አለበት። ሦስቱም መብራህቱን አዩት። መብራህቱ ደግሞ ልጁን አየ። ሁለተኛው ዙር ላይ እንቅልፍ የሚወስዳት ልጅ ናት። ዛሬ እስከ መጨረሻው ዙር ነቅታ ቆማለች።

«ምን ትላላችሁ፣ አልሰማችሁም እንዴ?» አለ። «ሻምፒዮኗ ተቀመጡ እያለቻችሁ ነው።»

የአራት ሽማግሌ ጉልበት በአንድ ጊዜ ተንቋቋ። እፀገነት እልልታዋን ለቀቀችው፤ የጎረቤት ውሻ ሳይቀር ጮኸ። መምሬ የማነ ከመቀመጣቸው ጫማቸውን ላላ አድርገው፣ ከመረቁም በኋላ፣ የሰርጉን ቀን አነሱ። ሁዳዴ ሊገባ ስለሆነ የፋሲካ ማግስት ቢሆን ለሁሉም ይመቻል አሉ።

«አይሆንም!» አለ መብራህቱ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ።

እፀገነት የያዘችውን ብርጭቆ ልትጥለው ነበር። ኤደን ደረቷን ያዘች።

«የፋሲካ ማግስት እምሩ አይችልም፤» አለ መብራህቱ። «ሁለት ሳምንት ይለፍ። ረመዳኑም ያኔ ያልቃል። ሰውየውን በደህና ቀኑ ማግኘት እፈልጋለሁ።»

ሐጂ ዘይኑዲን እስኪያነቡ ሳቁ።

የአባቶቹን ሙሉ ልብስ የሚሰፋው መብራህቱ መሆኑ ሳይነጋገሩበት የታወቀ ነገር ነው። እምሩ ሊለካ ወደ ሱቁ የመጣ ዕለት ድልድዩ አካባቢ ሥራ አልተሠራም። በርሄ መስኮቱን ዘግቶ ወጣ፤ ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ የተላጨ ደንበኛውን ይዞ መጣ። ሐጂ ዘይኑዲን እንደ ዳኛ በሁለቱ መካከል ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

እምሩ ረጅም ነው። ጀርባው ትንሽ ጎብጧል፤ ፀጉሩ ነጭ ነው። ሁለቱ ሽማግሎች ተጨባበጡና እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ቆዩ፤ ማንኛቸውም ቀድመው መልቀቅ አልፈለጉም። ሐጂ «ብሬክ!» ብለው ነው ያላቀቋቸው።

መብራህቱ መለኪያውን ከአንገቱ አወረደ። ትከሻ ለካ፤ ደረት ለካ፤ ወገብ ላይ ምንም አላለም። ከዚያ፣

«ክንድህን ዘርጋ፤» አለው።

እምሩ ቀኝ ክንዱን ፊት ለፊት ዘረጋ። መብራህቱ የመለኪያውን ጫፍ ትከሻው ላይ ይዞ ወደ አንጓው ሳበ። የገዛ ክንዱን ልክ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ኮቱን ራሱ ነው የሚሰፋው። የሱ ክንድ የሚያልቅበት ቁጥር ላይ ሲደርስ የእምሩ ክንድ አላለቀም። ቀጠለ። አራት ጣት ያህል ቀጠለ። በዚህ ክንድ ፊት ቆሞ የእምሩን አገጭ ለማግኘት ስንት ርቀት መግባት እንደነበረበት መብራህቱ በዓይኑ ለካው፤ ወደዚያ ሲገባ ምን እንደሚቀበለውም ታየው። መለኪያውን ያየው እሱ ብቻ ነው።

«ምነው ዝም አልክ? ስንት ሆነ?» አለ በርሄ።

መብራህቱ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ተናገረ። «ረጅም ነው፤» አለ፤ «ከእኔ አራት ጣት ይረዝማል።»

በርሄ አርባ ዓመት የጠበቀውን ቀን አገኘ። «ታዲያ ያሸንፈኝ ነበር በላ!»

መብራህቱ እምሩን ቀና ብሎ አየው። እምሩም አየው፤ ክንዱ እንደተዘረጋ ነው።

«እኔ እንጃ፤» አለ መብራህቱ፤ «አልተጋጠምንም።»

የእምሩ የተዘረጋ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «መብራህቱ፣» አለ ቀስ ብሎ፤ «ደከመኝ እኮ።»

መብራህቱ መለኪያውን አንገቱ ላይ መለሰና የእምሩን ክንድ በሁለት እጁ ይዞ አወረደለት።